«ያዞረኛል»፦ ሚዛን መሳት እንዴት ይመረመራል?

አክስቴ የመንዝ ሰው ናት። ዕድሜዋ ሰባን ካለፈ ቆይቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ይዛ ሐኪም ቤት ተመላለሰች፦ «ያዞረኛል»። አንዱ ዘንድ ደም ማነስ ነው ተብላ የብረት ኪኒን ተሰጣት። ሌላው ዘንድ ግፊት ተባለች። ሦስተኛው ጋ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። ጎረቤት በበኩሉ «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ፈረደ፤ ጠበልም ተጠመቀች። ጠበሉ ልቧን አሳርፎላታል፤ መውደቋን ግን አላስቀረውም። ከዚያ ሁሉ መርማሪ መካከል «እስቲ ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ» ያላት አልነበረም። ሁሉም የመረመሯት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ተቀምጦ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ደረሰች። ልጁ ወረቀቷን ከማንበቡ በፊት ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ስትመጣ አያት። ከዚያ ጠየቃት።

«እማማ፣ የወደቁት መቼ መቼ ነው?»

«ኪዳን ልደርስ ሌሊት ስወጣ ነው፣ ልጄ።»

«ቀንስ?»

«ቀን ደህና ነኝ። ፊቴን ስታጠብ ብቻ ያዞረኛል።»

መልሱን አስቀድሞ እንደገመተ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ግን ምንም አልገባኝም። ጨለማንና ፊት መታጠብን ምን ያገናኛቸዋል? ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው፤ የገባኝንም እነሆ።

ሦስት ምስክር፣ አንድ ዳኛ

ሰው ቆመ ስንል ዝም ብሎ የቆመ ይመስለናል እንጂ በጥቂቱ ሳይወዛወዝ የሚቆም የለም። ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ ይመለሳል፤ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ይመለሳል። ቅዳሴ ላይ ከፊት የቆመውን ሰው ትከሻ ልብ ብሎ ላየ ይህ ግልጽ ነው። መወዛወዙን ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቀው ከሦስት ወገን ወደ አንጎል የሚደርስ መረጃ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ዓይን ነው። ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ የተራራው ጫፍ የት እንዳለ እያየ «ቀጥ ብለሃል» ወይም «ዘምመሃል» ይላል። ሁለተኛው ከጆሮ ውስጥ በጥልቅ የተቀበረ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች የራስን መዞር ይለካሉ፤ አጠገባቸው ያሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ደግሞ በላያቸው በተነጠፉ ደቃቅ ጠጠሮች አማካይነት ወደ ታች የቱ ጋ እንደሆነ ይለያሉ። ሦስተኛው ምስክር እግር ነው፦ የውስጥ እግር ቆዳ፣ የቁርጭምጭሚትና የጉልበት መገጣጠሚያ፣ ጡንቻና ጅማት። መሬቱ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ፣ ክብደታችን ተረከዝ ላይ ይረፍ ጣት ላይ፣ በነርቭና በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ ላይ የሚልከው እርሱ ነው።

ዳኛው አንጎል ነው። የሦስቱን ቃል ያመዛዝናል፤ ሲጋጩም የቱን ማመን እንዳለበት ይወስናል። መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጎናችን የቆመው አውቶቡስ ሲንቀሳቀስ የእኛ መኪና ወደ ኋላ የተንሸራተተ የሚመስለን ዓይን በሐሰት ስለመሰከረ ነው። በራስ ቅል ውስጥ በስተኋላ ያለችው ሴሬቤለም የተባለች የአንጎል ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በልኩ እንዲሆን ታርማለች። ፍርዱን የሚያስፈጽሙት ጡንቻዎች ናቸው፤ ትእዛዙም የሚወርደው በዚያው በህብለ ሰረሰር በኩል ነው።

እንግዲህ በሽታ ምስክሩን ዝም ሊያሰኝ፣ ዳኛውን ሊያሳስት ወይም አስፈጻሚውን ሊያስር ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም አንድ ነው፦ ሰውየው ወደቀ። ሕክምናው ግን የተለያየ ነውና የሚዛን ምርመራ ጥያቄው «ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አይደለም፤ ያንን ቤተሰቡ ያውቀዋል። ጥያቄው የጎደለው ማን ነው የሚል ነው።

«ያዞረኛል» ማለት

የአማርኛው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ቤቱ እንደ እንዝርት የሚዞርበት ሰው «ያዞረኛል» ይላል። ከተቀመጠበት ሲነሣ ዓይኑን ጨለም የሚያደርገውም «ያዞረኛል» ይላል። ራሱ ፍጹም ደህና ሆኖ እግሩ የሚወላከፍበትም፣ ፆም ውሎ የደከመውም፣ ጭንቀት የያዘውም ሌላ ቃል አያመጡም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ የተሻለ ዕድል የላቸውም፤ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት «ማዞሩ ምን ዓይነት ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ቆይተው ሕመምተኛው ዛሬ የሰጠውን መልስ ከአፍታ በኋላ እንደሚለውጠው ተረዱ። ስለዚህ አሁን ይበልጥ የሚታመነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ መቼ ይጀምራል፣ ምን ይቀሰቅሰዋል፣ ምን ያህል ይቆያል?

ከእንቅልፍ ስትነሣ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ወይም ስትሰግድ ቀና ጎንበስ ባለች ቁጥር ቤቱ ዞሮባት ከአንድ ደቂቃ በታች የሚተዋት ሴት አለች እንበል። የዚህች ሴት ነገር ብዙውን ጊዜ የጆሮ ነው። ከላይ ያነሣኋቸው ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቅቀው ቀለበቱ ውስጥ ገብተዋል። ባለሙያው ራሷን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን አዙሮ፣ ከአልጋው ጫፍ ራሷ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲንጠለጠል አድርጎ ድንገት ያስተኛታል፤ ዓይኗንም ያያል። ጠጠሩ ከተንቀሳቀሰ የዓይኗ ብሌን በራሱ ይርገበገባል። ምርመራው የዲክስና የሃልፓይክ ስም የያዘ ሲሆን የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ደስ የሚለው ነገር ጠጠሩን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሕክምናም ኪኒን አይሻም፤ ራስን በቅደም ተከተል በማዞር በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ሲነሣ ብቻ የሚያዞረው ደግሞ የደም ግፊቱ ተኝቶም ቆሞም መለካት አለበት። ከተኛበት ተነሥቶ በቆመ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ደሙ ወደ ራሱ በበቂ አይወጣም ማለት ነው። የግፊት ኪኒን፣ የውሃ ጥም፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል በሽታ ፓርኪንሰን ራሱ ይህን ያመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቀምጦ የተለካ ግፊት ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም። አክስቴ ሦስት ዓመት የተለካችው እንዲያ ነበር።

ዓይንዎን ይጨፍኑ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በርሊን ውስጥ ሞሪትስ ሃይንሪሽ ሮምበርግ የሚባል ሐኪም ነበር። ቂጥኝ ህብለ ሰረሰራቸውን የበላባቸው ሰዎች ዓይናቸው ተገልጦ ሲቆሙ ደህና ሆነው ሲጨፍኑ እንደሚወድቁ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጻፈ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ፈተና ከዚያ የወጣ ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። ጫማ ይወልቃል፣ ሁለቱ እግሮች ይገጠማሉ፣ እጅ ይሰበሰባል። መርማሪው እጁን ዘርግቶ አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ ዓይን ተገልጦ፣ ከዚያ ተጨፍኖ፣ እያንዳንዱ እስከ ግማሽ ደቂቃ። ቤት ውስጥ ብቻውን የሚሞክረው ካለ ይተው፤ የፈተናው ትርጉም ያለው መውደቅ ላይ ነው።

የችሎቱን ምሳሌ ካስታወስን ብልሃቱ ግልጽ ነው፦ አንዱን ምስክር ከችሎት አስወጥቶ የቀሩት ይበቁ እንደሆነ ማየት። አክስቴ ዓይኗን ገልጣ ቀጥ ብላ ቆመች። ስትጨፍን አምስት ድረስ ሳልቆጥር ወደ ጎን ሄደች፤ ልጁ ደገፋት። ከዚያ የሚነዝር ሹካ መሰል ብረት መትቶ የእግሯ አውራ ጣት ላይ አኖረው።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ብረቱ ይቀዘቅዛል።»

«ይነዝራል?»

«ብረት ምን ይነዝራል!»

ቅዝቃዜና ንዝረት ወደ አንጎል የሚሄዱት በተለያየ መንገድ ነው። የቅዝቃዜው መንገድ ክፍት ነበር። ንዝረትንና የመገጣጠሚያን አቋም የሚያደርሰው፣ በህብለ ሰረሰር በስተጀርባ በኩል የሚያልፈው መንገድ ግን ተዘግቷል። እግሯ መመስከር ካቆመ ቆይቷል፤ እርሷ ሳታውቀው ዓይኗ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ሌሊት መንገዱ ሲጨልም፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ዓይኗ ሲጨፈን፣ የቀረላት የጆሮዋ ምስክርነት ብቻ ነው። እርሱም ብቻውን አልበቃም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ጉም ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው የዚህን ጥቂቱን ያውቀዋል።

ምክንያቱ ከደም ምርመራ በኋላ ተገኘ፤ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነበር። ይህ ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እንጂ ከእህል አይገኝም። ፆሙን አክባሪ የሆነ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይፆማል፤ ይሁንና ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ፆም ብቻውን ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። በዕድሜ የገፋ ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ መለየት ያቅተዋል፤ አሲድ የሚቀንሱ የጨጓራ መድኃኒቶችም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ያንኑ ያባብሳሉ። ሦስቱ ሲደራረቡ ነው ጉድጓዱ የሚጠልቀው። የቢ 12 እጥረት ደም ማነስንም ያመጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም ግማሽ እውነት ይዞ ነበር። የሰጣት ብረት ግን የጎደላት ነገር አልነበረም።

እግርን ዝም የሚያሰኘው ይህ ብቻ አይደለም። ስኳር በሽታ ረጃጅሞቹን ነርቮች አስቀድሞ ስለሚጎዳ ከእግር ጣት ይጀምራል። ኤችአይቪ፣ የሥጋ ደዌ፣ አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ ኪኒኖች ነርቭን ይጎዳሉ። የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩን ራሱን ይጫናል። ስለ ነቀርሳ ካነሣሁ አይቀር፣ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ የሚጎዳው ሁለተኛውን ምስክር፣ ጆሮን ነው። በሁለቱም ጆሮ በኩል እኩል ስለሚጎዳ ቤቱ አይዞርም፤ ነገር ግን ሲራመዱ ያዩት ነገር ሁሉ ይዘላል፣ ጨለማ ሲሆንና መሬቱ ሲለሰልስ ይወደቃል። ባለሙያው ይህን የሚለየው ሰውየውን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አቁሞ ዓይኑን በማስጨፈን ነው፤ ዓይንና እግር ሁለቱም ይወጡና ጆሮ ብቻውን ይጠየቃል።

ዳኛው ሲሳሳት

ሮምበርግ ሁሉን አይመልስም። ገና ዓይኑ ተገልጦ ሳለ እግሩን ገጥሞ መቆም የማይችል ሰው አለ። እግሩን ከፍቶ ይቆማል፣ አንዱ እርምጃ ረጅም ሌላው አጭር ይሆናል፤ መንደሩ «ሰክሯል» ይለዋል። የተጎዳው ሴሬቤለም ነው። ምስክሮቹ ሁሉ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ፍርዱ ልክ አጣ። ባለሙያው ተረከዝን ከጣት እያስገጠመ በአንድ መስመር ያራምደዋል፤ ተኝቶ በአንዱ ተረከዝ የሌላውን እግር አገዳ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲያሻሽ ያዘዋል፤ ጣቱን ከአፍንጫው ወደ መርማሪው ጣት ያስመላልሰዋል።

«ሰክሯል» የሚለው ግምት አንዳንዴ በአሳዛኝ መልኩ ልክ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ አረቄ ብርድ ልብስ ነው የሚባል ቀልድ አለ፤ ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ግን ሴሬቤለሙ ይሟሽሻል። በተለይ የሚጎዳው እግርን የሚመራው የላይኛው ክፍል ስለሆነ ሰውየው ሳይጠጣም ይንገዳገዳል፤ እጁ ግን ደህና ስለሆነ በመርፌ ክር ሊያስገባ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ መጠናቸው ሲበዛ ይህንኑ አረማመድ ያመጣሉ፤ መጠኑ ሲስተካከል ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ልጁ በሽታው ባሰበት ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ያስቆመዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ፓርኪንሰን ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ እርምት የሚዘገይበት በሽታ ነው። መርማሪው ከኋላ ቆሞ አስቀድሞ ይነግረውና ትከሻውን ወደ ኋላ ሳብ ያደርገዋል። ጤነኛ ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል። ፓርኪንሰን የጠናበት ብዙ ትንንሽ እርምጃ እየተንደረደረ ይሄዳል፤ ወይም እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ እርምጃ ሳያደርግ ይወድቃል። ሲዞር አንገቱና ወገቡ አብረው እንደ ምሰሶ ይዞራሉ፤ ጠባብ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል።

ስትሮክ ከሁሉም ይቀላቅላል። አንድ ጎን ይዝላል፣ ያው ጎን አይሰማም፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ግራ ጎኑ ያለ መሆኑን ይረሳዋል፦ በግራ በኩል ያለውን በር ይጋጫል፣ ከትሪው ግራ ያለውን እንጀራ ይተዋል። የሚገርመው ግን በደህና እጁ እየገፋ ራሱን ወደ ደካማው ጎን የሚጥለው ነው። ቤተሰብ «እልኸኛ ሆነ» ይላል። እልህ አይደለም፤ አንጎሉ ቀጥ ያለውን መስመር ዘንበል አድርጎ ነው የሚያውቀው። ቀጥ ስታደርጉት ሊወድቅ የደረሰ ይመስለዋልና ይታገላችኋል።

ጓያ

በእኛ አካባቢ ሳይነሣ የማይታለፍ በሽታ አለ። በሞረትና ጅሩና በእንሳሮ ጥቁር አፈር ላይ ጓያ የታወቀ ሰብል ነው። ዝናብ ሲቀር ይችላል፣ ውሃ ሲያቁርም ይችላል፤ ሌላው እህል ሲከዳ እርሱ ይገኛል። ጉዳቱም የሚመጣው ያኔ ነው። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል ነርቭን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለ፤ ሰው በችግር ዘመን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግቡ ካደረገው ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይገድላል። አንዳንዱ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግሩ ተሳስሮ ይነሣል። በብዛት የሚያጠቃው ጎልማሳና ወጣት ወንዶችን ነው።

በምሳሌያችን ቋንቋ፣ ምስክሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ዳኛውም ደህና ነው፤ አስፈጻሚው ታስሯል። እግሩ አልሰለለም፤ ይልቁንም ደርቆ ተወጥሯል። ጉልበቶቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል። መርማሪው ጉልበቱ ሥር በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ከመጠን በላይ ይፈናጠራል። ስሜቱ ግን ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ዓይኑን ቢጨፍን እንደ አክስቴ አይባስበትም። አእምሮውም አልተነካም። ይህን ሳይለዩ «እግሩ ተሽመደመደ» ብሎ ሁሉንም አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ሰውየውን የማይጠቅም መድኃኒት ፍለጋ ያንከራትተዋል።

ሐኪሞች የዚህን በሽታ ደረጃ የሚለኩበት መንገድ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ላቦራቶሪ የለውም፣ የምርኩዝ ቁጥር ነው። ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ መቆም አቅቶት የሚድህ። የሞተው ነርቭ አይመለስም፤ ጓያ መብላት ሲቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ባለበት ይቆማል። «እንፋሎቱ ይይዛል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሚይዘው የተበላው ነው። ለረጅም ሰዓት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ቁጥሮቹ

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ «ምን ያህል?» የሚለው ይመጣል። ለዚህ ባለሙያዎች ብዙ መለኪያ ሠርተዋል። ቀላሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳ ውስጥ የወጣው ነው፦ ሰውየው ከወንበር ይነሣል፣ ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሰዓት ይያዛል። በዕድሜ የገፋ ሰው 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀበት ለመውደቅ ተጋልጧል ይባላል። ሌላው ቆሞ ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ እግር ሳይነቃነቅ የት ድረስ መድረስ እንደሚቻል መለካት ነው፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አሳሳቢ ነው፣ ከ25 በላይ ከሆነ ደህና ነው።

በሰፊው የታወቀው ካተሪን በርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው መለኪያ ነው። 14 ተግባራት አሉት፦ መቀመጥ፣ መነሣት፣ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ ከወለል ዕቃ ማንሣት፣ ዞሮ ወደ ኋላ ማየት፣ በአንድ እግር መቆም እና የመሳሰሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ያስገኛል፤ ሙሉው 56 ነው። 45 የአደጋ ድንበር ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ተወስዷል። እኔ ግን በዚህ ድንበር አልተማመንም፤ 46 ያገኘው ዛሬ ማታ ሊወድቅ፣ 44 ያገኘው ሳይወድቅ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ነጥቡ የሚጠቅመው ሰውየውን ከራሱ ጋር ለማወዳደር ነው፦ ከሦስት ወር በፊት 38 ነበረ፣ ዛሬ 47 ነው። የሁለት ሦስት ነጥብ ልዩነት ደግሞ የመርማሪው ዓይን ልዩነት ሊሆን ስለሚችል ደስታም ድንጋጤም አያስፈልገውም። የበርግ ሌላው ጉድለት ሰውየው ሲራመድ አያየውም፤ በኋላ የወጣውና ሚኒ ቤስት የሚባለው፣ 28 ነጥብ ያለው መለኪያ አስደግፎ ድንገት መልቀቅንም አረማመድንም ጨምሯል።

ለእኛ ሀገር እነዚህ መለኪያዎች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። የነርቭ ሐኪም የሚገኘው በአመዛኙ አዲስ አበባ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ወርዶ እዚያ መድረስ ስንት ወጪ እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። ወንበር፣ ሰዓትና ሜትር ግን በየጤና ጣቢያው አለ። ለማን ቶሎ ሪፈር መጻፍ እንዳለበት ለመለየት እነርሱ ይበቃሉ።

ጉድለታቸው ደግሞ ወለላቸው ነው። የሦስት ሜትሩ ፈተና የሚደረገው 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ወንበር፣ ሜዳ ሲሚንቶ ላይ ነው። አንኮበር ላይ ሦስት ሜትር ሜዳ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው! የገጠር ሰው የሚነሣው ከዝቅተኛ በርጩማ ወይም ከመደብ ነው፤ የሚወጣው ከፍ ያለ ደፍ ተሻግሮ ነው፤ የሚረግጠው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ጀርባው ላይ ውሃ ወይም ማገዶ አለ። ሐኪም ቤት 11 ሰከንድ የፈጀ ሰው ቤቱ ደፍ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ከሰዓቱ በተጨማሪ ይጠይቃል፦ ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው? ሌሊት ሽንት ቤት በየት በኩል ይሄዳሉ? ምን ጫማ ያደርጋሉ? ሲሰግዱ እንዴት ይነሣሉ? መውደቅ ፈርተው የተዉት ነገር አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አይጠይቀውም፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ፣ ለቅሶ መድረስ ተውኩ» የሚል ነው።

ሌላ ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ሽማግሌውን እያራመዱ ስለ በሬዎቹ መጠየቅ ነው። መልስ ለመስጠት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ መራመድ ብቻውን አንጎሉን ሙሉ እየወሰደበት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የስዊድን ጥናት ሲናገሩ የሚቆሙ አረጋውያን ቶሎ እንደሚወድቁ አሳይቷል። ገበያ መሐል ሰው ሲጠራው የሚወድቀው ለምን እንደሆነ በዚህ ይገባል።

አንድ ነገር ግን የምርመራ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሚዛን ድንገት ከጠፋ፣ አብሮትም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከደነዘዘ ወይም እስከዛሬ ያልታየ ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ፣ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

አክስቴ የቢ 12 መርፌውን ጀመረች። ዘግይታ ስለደረሰች የእግሯ ስሜት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ባለሙያው ሌሊት ያለ ባትሪ እንዳትወጣ፣ ፊቷን ተቀምጣ እንድትታጠብ፣ ምርኩዝ እንድትይዝ አዘዛት፤ ምርኩዙን «ያስረጀኛል» ብላ ለሁለት ወር ደብቃው ነበር። በየቀኑ የምትሠራቸውን የመቆምና የመራመድ ልምምዶች ግን አላቋረጠችም። ዓይኗን ጨፍና አሁን እስከ ሃያ ትቆጥራለች።

ባለፈው ፋሲካ ቡና ላይ ተሰብስበን ጎረቤቷ «ውይ፣ ሰሞኑን ያዞረኛል» አለች። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ እርሷ ዞረች።

«መቼ መቼ? ስትነሺ ነው ወይስ ተኝተሽ ስትገላበጪ?»

ጎረቤቷ ግራ ገብቷት ዝም አለች።

«እስቲ ተነሺና እስከ በሩ ሂጂ፣ ልይሽ።»